ቤታችንን ሊያነሱ የመጡ ሰዎች

ዛሬ ጠዋት አንገቴን በክራቫት አንቄ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ያስጠቀለልሁትን እስክሪብቶ ይዤ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድሁ። ጎረቤቴ ማሬ ትመረቃለች ተብዬ ተጠርቼ ነው። ማሬ የልጆች እናት ናት፤ ትምህርት ቤት ስትገባም ስትወጣም አይቻት አላውቅም። ግን ዘመኑ ሰው በስልኩም የሚማርበት ስለሆነ፣ «እኔ ጥርሴን ስጨርስ እሷ ትምህርቷን ጨረሰች» እያልሁ ለብቻዬ ስደነቅ ነው የሰነበትሁት።

አዳራሹ ስደርስ ካባ የለበሰ ሰው አጣሁ። በሩ ላይ ፍየሎች ታስረዋል፤ ውስጥ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ማሬን ከመካከላቸው አገኘኋትና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! በምንድን ነው የተመረቅሽው?» አልኋት።

«በምን ይላሉ እንዴ? ከድህነት ነዋ፣ ጋሼ ደሳለኝ!»

«እሱን የሚሰጠው የትኛው ኮሌጅ ነው?»

ሳቁ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሳው ነበር። የቀበሌው ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ፣ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችኝ፤ ሲደገፉ የቆዩ ቤተሰቦች በራሳቸው ሲቆሙ «ተመረቁ» ነው የሚባለው። ማሬ ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ ይህችው ልጅ ቤቷ ድረስ ስትመላለስ ከርማለች። ሕፃኑን ማቆያ አስገባችላት፤ ከቁጠባ ማኅበር አገናኘቻት፤ ማሬም ከፍየል ተነስታ ዛሬ የራሷ ሻይ ቤት አላት። እስክሪብቶዬን ተቀብላኛለች፤ «ልጄ ይጽፍበታል» ብላ። እኔም እንደ ዲን የተከበረ እንግዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ከአዳራሹ ጀርባ የሰሊጥ መጋዘን አለ። ጆንያ ሲያራግፉ አቧራው በመስኮት ገባ፤ ያ ቅባት ቅባት የሚል፣ ጉሮሮን የሚይዝ የሰሊጥ አቧራ። የተናጋሪውን ንግግር ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። እኔ አንድ ቃል ሰምቼ ሌላ ነገር ስረዳ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ዛሬ የመጀመሪያዬ አይደለም። ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበርሁ፤ ያንን እንኳ ምክንያት ማድረግ እችላለሁ።

ከበለሳ ወርደን መተማ ቆላ፣ ጓንግ ወንዝ አጠገብ ጎጆ ቀልሰን ነበር። አባቴ የዘራው ሰሊጥ ወገቤ ደርሶ ሲያብብ ሰውነቱ ከዳው። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ፊቱ ሲመነምን ሆዱ አበጠ። ጎረቤቶች መጥተው አዩትና «ካላዛር ነው የያዘው» አሉ።

እኔ ካላዛር የቆላ በሽታ መሆኑን ስላላወቅሁ የሰው ስም መሰለኝ። አባቴን የሆነ ቦታ ይዞ ደብድቦት የሄደ ጉልበተኛ ነጋዴ። ከድንበር ማዶ ጀላቢያ ለብሶ የሚመጣውን ሁሉ ከአጥር ጀርባ እየተሸሸግሁ «ካላዛር ይሄ ይሆን?» እያልሁ እመረምር ነበር። አንድ ቀን ጨውና ሽንኩርት የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ ሲመጣ፣ በቃ አገኘሁት ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ የቴምር ፍሬ ሰጠኝ። ድንጋዩን ጣልሁ፤ ቴምሩን በላሁ። አባቴን በቴምር የሸጥሁት መስሎኝ ሁለት ቀን ፊቱን ማየት አፍሬ ነበር።

በሰፈራችን የቃሬዛ ማኅበር የሚባል ነበር። ሰው ሲታመም ወንዶቹ ተራ ገብተው በቃሬዛ ተሸክመው የመኪና መንገድ ያደርሳሉ። ከየቤቱ የተዋጣ ማሽላ የሚቀመጥበት አንድ ጎታም ነበረው፤ ታማሚው ጎንደር ሆስፒታል እስኪደርስ ስንቁ ከዚያ ነው። ማንም «የማኅበራዊ አገልግሎት» ብሎ ስም አላወጣለትም። የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ ዘለቀ ነበሩ፤ ረጅም፣ ጉልበታቸው ሲራመዱ የሚንቋቋ፣ ከሩቅ ሲመጡ በድምፃቸው ሳይሆን በጉልበታቸው የሚታወቁ ሽማግሌ።

አባቴን ቃሬዛ ላይ ሲያወጡት ቀናሁበት። ወንዶች በትከሻቸው ተሸክመውት፣ ሴቶች እየሸኙት፣ እሱ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ እያየ! «እኔስ?» ብዬ አለቀስሁ። አባቴ እጁን ሰድዶ ጆሮዬን ያዘኝ፤ እጁ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

«ደሴ፣ አንተማ ቤቱን ትጠብቃለህ። ቤቱን አደራ» አለኝ።

ይህን ያህል የሚያኮራ ነገር ከዚያ በፊት ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መራገፍ ሲጀምር፣ የታችኞቹ ፍሬዎች አፋቸውን ሊከፍቱ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ካላጨዱት ነፋስ ዳሰስ ሲያደርገው ዓመት የተለፋበት ሁሉ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ያንን ደግሞ ከዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥ የሚለቅመው ጉንዳን ብቻ ነው። እናቴ ወርቄ ብቻዋን ነበረች። እህቴን በጀርባዋ አዝላ፣ ማጭዷን ይዛ ጎህ ሲቀድ ትወርዳለች። ፀሐይ ጠንከር ስትል ሕፃኗ ማልቀስ ትጀምራለች፤ እናቴ ጥላ ፍለጋ ትወጣለች፤ ትንሽ አጥባት ትመለሳለች። ማታ ስናየው የታጨደው ምንጣፍ የሚያህል፣ ያልታጨደው ሰማይ የሚያህል። ሰሊጡ ከረገፈ የሚጠብቀንን አውቅ ነበር፤ ለነገሩ እናቴ በየማታው ለእህቴ ነበር የምትነግራት። «ከረገፈማ አብደራፊ ወርደን የሰው ማሳ አራሚ እንሆናለን፣ እሙዬ።» እህቴ ደግሞ ጣቷን እየጠባች ትስቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ባምባ ዛፍ ላይ ወጥቼ ፍሬ እበላለሁ። ማኅበርተኞቹ ከሥር ተቀመጡ። እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ፤ ፍሬው ሳይበስል አትልቀሙ ተብለን ነበርና።

«የወርቄን ቤት ማንሳት አለብን» አሉ አያ ዘለቀ።

«የእኛስ ሰሊጥ አያ ዘለቀ? እሱም እኮ ደርሷል» አለ አንዱ።

«የአንተ ቀን ይሰጣል። የሷ ቀን አይሰጥም። ቶሎ ካላነሳናት አለቀላት።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ።»

«ከተረባረብን እስከ ማታ እናነሳዋለን።»

አንባቢዬ እንዳይስቅብኝ ይህን ላስረዳ። በዚያው ክረምት ጓንግ ሞልቶ ሲመጣ፣ ወንዶቹ የአንድ ጎረቤታችንን ጎጆ ጣራ እንዳለ በትከሻቸው አንስተው ወደ ጉብታው ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣራው እግር አውጥቶ የሚሄድ ትልቅ እንጉዳይ ይመስል ነበር። ከዚያም በላይ፣ እኛ መጤዎች ስለሆንን አዋቂዎች «አንድ ቀን ከዚህ ያነሱናል» እያሉ ሲሰጉ መስማት ልማዴ ነው። ስለዚህ ቤት ማንሳት ለኔ ምሳሌ አልነበረም። ሥራ ነው። ነገ በጠዋት መጥተው ቤታችንን ያነሱታል፤ አባቴ ደግሞ አደራ ያለው እኔን ነው!

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አያ ዘለቀ እየተንቋቁ ደጃችን መጡ። እኔ ከማሽላ ጆንያው ጀርባ ገባሁ።

«ወርቄ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ይቀመጡ እንጂ፣ አንቱ!»

«ከተቀመጥሁ ማን ያነሳኛል? ነገ ልናነሳሽ ተነጋግረናል።»

«እኔን? ማንም አያነሳኝም!» እናቴ ድምፅዋ ተለወጠ። «ባሌ ታመመ እንጂ አልሞተ። ለልመና እጄን አልዘረጋሁ።»

ከጆንያው ጀርባ ሆኜ ልቤ በኩራት አበጠ። እናቴ ከኔ ጋር ናት!

«ልመና ቢሆንማ አንቺ ነበርሽ ወደኛ የምትመጪው» አሉ አያ ዘለቀ ሳይቆጡ። «ይኸው እኔ በዚህ ጉልበቴ ዳገቱን ወጥቼ መጣሁ። እስቲ የለመነው ማነው?»

እናቴ እህቴን ከጀርባዋ አውርዳ እንደገና አዘለቻት፤ እንዲያው እጇ ሥራ እንዲያገኝ።

«ከሰው አጥር ላይ የተንጠለጠለ ቅጠል እንኳ ለምኜ አላውቅም አያ ዘለቀ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ተመካክረን እኔ የመጣሁት። ሲረግፍብሽ ቆመን ካየን ነገ ከነገ ወዲያ ቃሬዛ ላይ ስንወጣ ማን ትከሻ ይሰጠናል?»

«እሺ» አለች መጨረሻ ላይ። «ግን በወንፈል ነው። ያጨደልኝን ቤት ሁሉ ቀኑን እመልሳለሁ። አይሆንም ካላችሁ አትምጡብኝ።»

«እሱን ካልሽማ መጀመሪያ ወደኔ ነይ፤ ማሽላዬን አረም ውጦታል» ብለው ሳቁ። «በይ ልጆቹን ነገ ለሐቦባ ስጫቸው።»

በቃ። ቤቱ ይነሳል፣ እኛም ለሐቦባ እንሰጣለን። እናቴ ተስማማች! ሐቦባ ሐሊማ ከድንበር ማዶ የመጡ ሴት ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠም ሰፊ ጨርቅ ይለብሳሉ። እኔ በዚያ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ልጆች እንደሚደብቁ አልጠራጠርም ነበር። «ሐቦባ» በነሱ ዐረብኛ «አያት» ማለት መሆኑንም ማን ነግሮኝ?

እናቴ ወንዝ እንደወረደች ሥራ ጀመርሁ። አባቴ ነዶ ሊያስርበት ያዘጋጀው የገመድ ጥቅል ነበር። የበሩን መቃን አሰርሁ፤ ምሰሶውን አሰርሁ፤ ገመዱን በግድግዳው ቀዳዳ አውጥቼ ደጃችን ካለው ቁርቁራ ዛፍ ጋር ቋጠርሁ፤ ተመልሼ ደግሞ ቋጠርሁ። የቋጠሮ እውቀቴ ትንሽ ስለነበረ ብዛቱን ጨመርሁበት። እናቴ ስትመለስ መሽቶ ስለነበር አጎንብሳ ገባች፤ ምንም አላየች። ከገባች በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ገመድ በበሩ ላይ ከውስጥ ጎትቼ ዱላዬን ታቅፌ ተኛሁ።

ጠዋት የሰው ድምፅ ቀሰቀሰን። እናቴ በሩን ብትገፋ እምቢ አለ። ከውጭ የማጭድ ኳኳታ፣ ሳል፣ የአህያ ማናፋት ይሰማል።

«ማነው ቤቱን ከቁርቁራ ጋር ያጋባው?» አሉ አያ ዘለቀ።

እኔ ዱላዬን በቀዳዳው አውጥቼ፣ «ቤታችን አይነሳም! አባቴ አደራ ብሎኛል!» ብዬ ጮኽሁ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ሳቅዋን ለቀቀችው። የሺ ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ በምላስ ግን አያቴ የምትሆን። እሷን ተከትሎ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አያ ዘለቀ ጉልበታቸውን ይዘው ቀዳዳው ድረስ ቁጭ አሉና፣

«ስማ ደሴ፣ የምናነሳው ቤቱን አይደለም። ሰሊጡን ነው» አሉኝ።

«ሰሊጡንም አታነሱም! የኛ ነው!»

አሁን እናቴም ሳቀች። አባቴ ከሄደ ወዲያ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። እየሳቀች ቋጠሮዎቼን ስትፈታ እንባዋ እጄ ላይ ወደቀ፤ የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ አሁንም አልለየሁትም። ገመዱን ደግሞ ነዶ ማሰሪያ ስለሚፈልጉት ወሰዱት። አያ ዘለቀ፣ «ይኸ ልጅ ገመዱን ፈትቶ አዘጋጅቶ ጠበቀን በሉ እንጂ!» ብለው አመሰገኑኝ። ሞኝነቴን ወደ ሥራ የቀየረልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከማሳው ዳር በእንጨትና በሣር አራት ማዕዘን ዳስ አቁመው ነበር፤ እኛ ራኩባ እንለዋለን፣ ግድግዳ የሌለው ጥላ ነው። ሐቦባ ከሥሩ ተቀምጠው የአጫጆቹን ሕፃናት ሁሉ ተቀበሉ። እኔ እህቴ ጨርቁ ውስጥ ስትሰወር እንዳላያት ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ እህቴ እሳቸው ጭን ላይ ተኝታለች፤ ያ አስፈሪ ጨርቅ ደግሞ ዝንብ ያባርርላታል። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ና!» አሉኝና ቀይ ከርከዴ በጣሳ ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጎምዘዝ ይላል። ሐቦባ ሰሊጥ አልነበራቸውም፤ ማጭድ የሚይዝ ጉልበትም አልነበራቸውም። ግን እሳቸው እዚያ በመቀመጣቸው እናቶች ሁሉ ቀጥ ብለው አጨዱ። እናቴ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ ስትሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንዴት ያለች ፈጣን ሰው ነበረች! ወንዶቹ ሊደርሱባት እየተሯሯጡ፣ እሷ ዘወር ብላ፣ «ምነው ጎበዝ፣ ምሳችሁን ጎንደር ረስታችሁት መጣችሁ እንዴ? ኑ እንጂ!» ትላለች።

የኔ ሥራ ውኃ ነበር። ከጓንግ በቅል እየቀዳሁ ለአጫጆች ማድረስ። ቤቱን የጠበቀ ሰው ይህ አይበዛበትም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጀመርሁ፤ ገና በጠዋቱ የታጨደ የሰሊጥ ጉቶ እግሬን ወጋኝ። የሰሊጥ ጉቶ እንደ ወስፌ ነው። ደሜን ሳይ ከሕመሙ በላይ ጮኽሁ። የሺ ቅሉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አሁን ማን ያጠጣቸዋል? ውኃ ካጡ ይቀመጣሉ፤ ከተቀመጡ ሰሊጣችሁ ይቀራል። ተቀመጥ አንተ፣ አልቃሻ!»

የራሷን ገንቦ ከራሷ ሳታወርድ የኔንም ቅል ይዛ ወረደች። ቀኑን ሙሉ ከወንዝ ማሳ፣ ከማሳ ወንዝ። እኔ ከሕፃናቱ ጋር ራኩባ ሥር፣ እግሬን ሐቦባ በጨርቅ ጠምጥመውልኝ። በምታልፍ ቁጥር ምላሷን ታወጣብኛለች።

ማታ ሲሆን ማሳው ላይ የቆመ ሰሊጥ አልነበረም። በምትኩ ነዶዎቹ አፋቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደጋግፈው በየቦታው ቆመዋል፤ ሂላ ይባላል። እንዲህ ካልቆመ ፍሬው ሲደርቅ ይፈስሳል። ትኩሱ የሰሊጥ ሽታ፣ ቅባቱ ጣት ላይ የሚጣበቀው ሽታ፣ ከዚያ ማሳ ነው ዛሬ አዳራሹ ድረስ የመጣው። እናቴ በሂላዎቹ መካከል እየዞረች አንድ በአንድ በእጇ ትነካቸው ነበር፤ ልጆቿን አስተኝታ እንደምትዳስስ ሰው።

አባቴ የተመለሰው ሂላው ደርቆ ሸራ ላይ ሲራገፍ ነው። በጭነት መኪና መጥቶ ከመንገዱ በእግሩ ሄደ፤ ቃሬዛ ይዘው ሊቀበሉት የወጡትን ማኅበርተኞች፣ «ባዶውን ተሸክማችሁ ተመለሱ!» ብሎ አሳቃቸው። ሆዱ ጎድሎ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ግን አባቴ ነበር። ነዶውን ገልብጦ ሲመታው ነጭ ሰሊጥ እንደ ዝናብ ወረደ። አየና አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ደሴ፣ ቤቱ የት ሄደ ብዬ ነበር፤ አለ ለካ» አለኝ። ነግረውታል! ሁሉም ነግረውታል።

በዚያ ዓመት ጣራችን አዲስ ሣር ለበሰ፤ ደጃችን ላይ ፍየሎች ታሰሩ፤ እኔም ትምህርት ቤት ገባሁ። የሚያኮራኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ቃሏን ይዛ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ዞረች። የአያ ዘለቀን ማሽላ አረመች፣ የዚያን ጥጥ ለቀመች፣ የዚህን ጎጆ ለቀለቀች። «ይቅርብሽ፣ ይበቃል» ሲሏት፣ «የኔን ሥራ ስትሠሩ ይቅርብን ብላችኋል?» ትላለች። በሚቀጥለው መኸር ማኅበሩ ባምባው ሥር ሲሰበሰብ እናቴ ከሴት መጀመሪያ ሆና ተጠርታ ተቀመጠች። እኔ ዛፉ ላይ ነበርሁ፤ ፍሬው ዘንድሮም አልበሰለም። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ነበር፤ አባወራው በወባ ወድቋል። ሰዎቹ የየራሳቸውን ማሳ እያሰቡ ዝም ሲሉ እናቴ ተናገረች።

«እናንሳቸው። መጀመሪያ ግን ልጆቻቸውን አስረዱ፤ ገመድ ይተርፋል።»

ዛፉ ላይ ሆኜ በሳቅ ልወድቅ ነበር፤ በኩራትም።

እናቴ ሁሉንም ስትመልስ አንድ ቀን ብቻ ለኔ ተወችልኝ። «የየሺን ያንተው ነው፤ ውኃህን የቀዳችልህ እሷ ናት» ብላ። እኔም ሄጄ፣ «ነይ፣ ቀንሽን ልመልስ» አልኋት። የሺ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አየችኝና፣ «አሁን አልጠማኝም፤ ስፈልግ እጠራሃለሁ» አለችኝ።

እስካሁን አልጠራችኝም። መተማ ገበያ ስንገናኝ ግን ሁለታችንም በዱላ እየሄድን የውኃዋን ዕዳ ሳትጠይቀኝ አታልፍም። ባለፈው ሰሞን ልገላገል ብዬ አንድ ባጃጅ ሙሉ ውኃ በጀሪካን አስጭኜ ደጇ ላክሁላት። ባጃጁን ከነውኃው መልሳ ሰደደችው፤ ሾፌሩንም ይህን አስይዛ፦

«የቧንቧ ውኃ አይቆጠርም በለው። እኔ በራሴ ተሸክሜ ነው ከጓንግ የቀዳሁት። ጓንግ እንደሆነ እዚያው አለ፤ ደሴም ገና አልሞተ።»